ወለም ያለ እግር አይታሽም

እሁድ ጠዋት ነበር። የሰፈራችን ሜዳ እንደ አብዛኛው የሰፈር ሜዳ ነው፤ ግማሹ ደረቅ አፈር፣ ግማሹ ጠጠር፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ የክረምት ጎርፍ የቦረቦረው። ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ልገጭ ዘልዬ ስወርድ ቀኝ እግሬ ያረፈው የተቦረቦረው ጠርዝ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ጓደኞቼ ሊረዱኝ ተሯሯጡ። አንዱ "ተነስና ርገጥበት፣ ሳይቀዘቅዝ!" ይለኛል። ሌላው "ሙቅ ውሃ በጨው ነው መድኃኒቱ" ይላል። ሦስተኛው "ቶሎ ካልታሸ ደም ይቋጥርብሃል" ብሎ በዚያው ሰዓት ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። ወጌሻው ዕድሜያቸው የገፋ፣ መንደሩ የሚያከብራቸው አባት ናቸው። እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቅባት ቀብተው፣ እብጠቱን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ወደ ላይ ያሹት ጀመር። "ቻለው ልጄ፤ ጅማቱ ቦታውን ስቷል፣ ልመልሰው ነው" አሉኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ማታ እግሬ ጫማ አልገባ አለ፤ በማግስቱ እብጠቱ ወደ ባቴ ወጥቶ ቆዳዬ ጠቁሯል።

በሳምንታት ሊድን ይችል የነበረ ወለምታ ወራት ፈጀብኝ። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። እብጠቱ ቀለል ሲልልኝ ሜዳ ተመልሼ ያንኑ እግር ደግሜ አጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩም የደረስኩበት ይህ ነው፦ የስፖርት ጉዳትን በብዛት የሚያከፋው የእኛው ችኮላ ነው። በመጀመሪያ ለማሸት እንቸኩላለን፣ ቀጥሎ ደግሞ ለመመለስ እንቸኩላለን። በሁለቱ መካከል ምን መደረግ እንዳለበት አንድ በአንድ እንየው።

ጅማት ሲባል

አማርኛችን "ጅማት" በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው አጥንትን ከአጥንት አስሮ መገጣጠሚያን የሚያጸና ማሰሪያ ነው፤ ቁርጭምጭሚትንና ጉልበትን አጥብቆ የያዘው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል፤ ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈውን ወፍራም ገመድ በእጃችሁ ልትዳስሱት ትችላላችሁ። ሁለቱም ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመዱ ናቸው።

ወለም ሲለን መገጣጠሚያው ከልኩ በላይ ይታጠፍና ማሰሪያው ይወጠራል። ከክሮቹ ጥቂቶቹ፣ አንዳንዴ አብዛኞቹ፣ ሲከፋም ሁሉም ይበጠሳሉ። ከእነሱ ጋር ጥቃቅን የደም ሥሮችም ስለሚበጠሱ ደምና ፈሳሽ ወደ አካባቢው ፈስሶ እግሩ ያብጣል። እንግዲህ "ጅማቱ ቦታውን ስቷል" የሚለው አባባል ስህተት መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ቦታውን የሳተ ነገር ስለሌለ የሚመለስም ነገር የለም። ያለው የተበጠሰ ክር ነው፤ እሱ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይጠገናል። ገና እየደማ ባለ ክር ላይ በአውራ ጣት መጫን መድማቱን ያባብሰዋል። ሙቅ ውሃም የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ እብጠቱን ይጨምራል።

ወለምታን ከሌሎቹ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። የጡንቻ መሳሳብ የምንለው የጡንቻው ሥጋ ሲሰነጠቅ ነው። ውልቃት አጥንት ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ስብራት አጥንቱ ራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሰበር ነው። እነዚህ አራቱ በአንድ ቅጽበት የሚደርሱ ድንገተኛ ጉዳቶች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ቀስ በቀስ የሚመጣ፣ በተለይ ሯጮችን የሚያጠቃ የድግግሞሽ ጉዳት አለ፤ እሱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

እ.ኤ.አ. በ1978 ጌብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለድንገተኛ ጉዳት አራት ነገሮችን መከረ፦ ማሳረፍ፣ በረዶ መያዝ፣ በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። ምክሩ ዓለምን አዳረሰ። ከዓመታት በኋላ ሚርኪን ራሱ ምክሩን አሻሻለ፤ በረዶ ለረጅም ጊዜ መያዝና እግርን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ መዳንን ሊያዘገይ እንደሚችል ጻፈ። ስለዚህ ዛሬ በረዶ የሚያዘው በዋናነት ሕመም ለማስታገስ፣ በመጀመሪያው ቀንና ለአጭር ጊዜ ነው። ዕረፍቱም ቢሆን ልክ አለው።

ሜዳ ላይ ሳሉ ጨዋታውን ወዲያው ያቁሙ። "ሳይቀዘቅዝ ልርገጥበት" የሚባለው ምክር ጉዳት ያስከትላል፤ ገላችን ትኩስ ሳለ ሕመሙ ስለማይሰማን ብቻ የተረፉትን ክሮች እንበጥሳለን። በአቅራቢያ ካለ ሱቅ በረዶ የሠራ ሃይላንድ ይፈልጉ፣ በፎጣ ወይም በነጠላ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት። በረዶ በባዶ ቆዳ ላይ ከተቀመጠ ቆዳውን ያቃጥላል። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ መድገም ይቻላል።

ቀጥሎ ተለጣጭ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምረው ወደ ላይ ይጠቅልሉ። ጥብቀቱን የሚፈትሹበት ቀላል ዘዴ አለ። የእግር አውራ ጣትዎን ጥፍር እስኪነጣ ይጫኑትና ይልቀቁት። በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ካልቀላ፣ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙና ከቀዘቀዙ ፋሻው ጠብቋልና ይፍቱት። ከዚያ ጋደም ብለው እግሩን በትራስ ከልብዎ ከፍታ በላይ ያድርጉ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን በርጩማ ላይ መዘርጋት ከልብ በላይ ማድረግ አይደለም።

በእነዚህ ሦስት ቀናት አራት ነገሮች አይደረጉም፦ ሙቀት፣ መጠጥ፣ ሩጫ እና መታሸት። መጠጥን በተለይ ያነሳሁት ከጨዋታ በኋላ ቢራ ቤት መሰብሰብ ልማዳችን ስለሆነ ነው። አልኮል እብጠትን ያባብሳል፤ ሕመምን ስለሚያደበዝዝም ሰውዬው ሳያውቀው እግሩን ይረግጥበታል።

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሕመሙ በሚፈቅደው መጠን ማንቀሳቀስ ይጀመራል። እኔን ያስተማረችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ "በአውራ ጣትህ አየር ላይ ፊደል ጻፍ" አለችኝ። ጋደም ብዬ፣ ከጉልበት በታች ቁርጭምጭሚቴን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ሀ ሁ ሂ እያልኩ እስከ ፐ ልወርድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን "ለ" ጋ ደክሞኝ ቆምኩ። በሳምንቱ ፊደሉን ጨረስኩት። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚጠገኑት ክሮች ትክክለኛ አቅጣጫቸውን የሚይዙት እንዲህ ባለ ቀላል እንቅስቃሴ ነው።

ራጅ መቼ ያስፈልጋል?

"ተሰብሮ ይሆን?" የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ያስጨንቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የኦታዋ ከተማ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ለዚህ ቀላል መመዘኛ አወጡ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። የተጎዳው ሰው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ይነሣ። መራመድ ቢችልም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩትን ሁለት አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ስንጫን አጥንቱ ላይ ካመመው ራጅ ይነሣ። በእግሩ የውጭ ጎን መሐል ላይ ጎልቶ የሚዳሰሰው አጥንት፣ ወይም በውስጥ ጎን ከእግሩ ቅስት በላይ ያለው አጥንት ሲጫኑት ካመመም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። በትንንሽ ልጆች፣ በሰከረ ሰው ወይም ስሜቱ በደነዘዘ እግር ላይ ግን በዚህ መመዘኛ ብቻ መተማመን አይገባም።

ስለ ወጌሻ

ወጌሻ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሁለት ሰው ነው። አንዱ በየመንደሩ የምናውቀው፣ ከአባቱ የተማረው አጥንት ጠጋኝ ነው። ሌላው በእግር ኳስ ስርጭት "ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል" ሲባል የምንሰማው የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ነው። ቃሉ መጋራቱ ያለ ነገር አይደለም፤ ለዘመናት ሐኪም በሌለበት አገር የወደቀውን ያነሱት ወጌሾች ናቸው። ክብር ይገባቸዋል።

ነገር ግን የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት አንድ አደጋ አለ። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ተጠፍንጎ ሲታሰር፣ እብጠቱ ከውስጥ እየጨመረ ማሰሪያው ደግሞ ከውጭ ስለማይለጠጥ የደም ዝውውሩ ይቋረጣል። በዚህ ሳቢያ ሊድን ይችል የነበረ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የታሰረ እጅ ወይም እግር ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም አልንቀሳቀስ ካሉ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታና ሰውየው ሆስፒታል ይሂድ። ሐኪም ያሰረው ጀሶ እንኳ ቢሆን ይህን ምልክት ካሳየ እስከ ነገ አይጠበቅም። ስብራት የተጠረጠረበት ሁሉ በመጀመሪያ ራጅ ይነሣ፤ ይህን የሚመክሩ ወጌሾችም አሉ፤ እነሱ ሊመሰገኑ ይገባል።

ጡንቻና ጉልበት

ተጫዋቹ ኳስ ተከትሎ በሙሉ ኃይሉ ሲፈተለክ በድንገት የታፋውን ጀርባ ይዞ ቀጥ ይላል። "ከኋላ በድንጋይ የተመታሁ መስሎኝ ዞር አልኩ" የሚሉ አሉ። የታፋ ጀርባ ጡንቻ መሳሳብ ይህ ነው። ቀላሉ ለጥቂት ቀናት ያሳምማል፣ መካከለኛው ለሳምንታት ያስነክሳል፣ ጡንቻው ጨርሶ ከተበጠሰ ደግሞ ወራት ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንክብካቤ ከወለምታው ጋር አንድ ነው። የታመመውን ጡንቻ በኃይል መሳብና መለጠጥ ግን የተሰነጠቀውን ያሰፋዋል።

መከላከያው ቀላል ነው። ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ጓደኛዎ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ መሬት ይጫንልዎት። ከጉልበት እስከ ትከሻ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብለው ቀስ እያሉ ወደ ፊት ይውረዱ፤ መያዝ ሲያቅትዎ በእጅዎ ያርፉ። ይህን ልምምድ አዘውትረው የሚሠሩ ቡድኖች በታፋ ጀርባ የሚደርስባቸው ጉዳት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ከአምስት ስድስት ድግግሞሽ መጀመር ይበቃል።

ጨዋታ መሐል ባት ሲሸማቀቅና ሲጠጥር ደግሞ የተሰነጠቀ ነገር ስለሌለ እዚያ ላይ መሳብ ይረዳል። ጉልበትን ዘርግቶ የእግርን ጣቶች ቀስ ብሎ ወደ ራስ መጎተት፣ ከዚያ ማረፍና ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል።

ጉልበት ከሁሉም ይከብዳል። በጉልበት መሐል እንደ መስቀል የሚተላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ፤ የፊተኛው ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካን ነው። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ገላ ሲዞር፣ ወይም ከዝላይ ስናርፍ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይበጠሳል። "ጧ" የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጉልበቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካበጠ፣ ሲቆሙበት የሚከዳ ከመሰለ ወይም አልዘረጋ ካለ የአጥንት ሐኪም ይየው። ሳይታከሙ በዚያው ጉልበት መጫወት በአጥንቶቹ መካከል ያሉትን ለስላሳ ትራሶች ይቆራርጣል፤ ይህም በኋላ ዕድሜ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ኳስ የሚጫወቱ ሴቶች ልጆች ለዚህ ጉዳት ያላቸው ተጋላጭነት ከወንዶቹ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ከዝላይ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ ጉልበትና የእግር ጣት በአንድ መስመር ሆነው ማረፍን ከመጀመሪያው ቀን ያስተምር።

ቀስ ብሎ የሚመጣው ጉዳት

ኅዳር ሲቃረብ መስቀል አደባባይ ማለዳ ይሞላል። ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብዙ ሰው ወደ 10 ኪሎ ሜትር አምጥቷል፤ ትልቅ በረከት ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ከርሞ ቲሸርቱን በገዛ ማግስት በየቀኑ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለማመዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሹ የቻለለትን እግሩ አይችልለትም።

ሕመሙ በቅልጥሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ርዝመቱን ይዞ የተበተነ፣ ሲሟሟቅ ለቀቅ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ነው፤ ርቀት ቀንሶ፣ ለስላሳ መሬት መርጦ ይድናል። ነገር ግን ሕመሙ በአንድ ጣት ሊነካ በሚችል አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ሲሮጡ እየባሰ ከሄደና ሌሊትም ካመመ አጥንቱ ከድግግሞሽ ብዛት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ይህ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል። "ራጁ ንጹሕ ነው" ተብሎ ወደ ሩጫ መመለስ ስንጥቁን ሙሉ ስብራት ያደርገዋል፤ ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪም ዘንድ መመለስ ነው። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ ልጅ እንዲህ ዓይነት ሕመም ካላት ምግቧ ለሩጫዋ አልበቃ ይሆናል፤ አጥንቷም እየሳሳ ሊሆን ይችላል። ይህን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ጤና ጉዳይ አንሥተን ልናናግራትና ሐኪም ልናሳያት ይገባል።

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ተረከዝን ከሥር የሚወጋ ሕመም ከእግር መዳፍ ሥር ካለው ሽፋን ይመጣል። ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ደግሞ ጠዋት ሲደርቅና ሲነኩት ሲያም ታሪኩ ረዘም ያለ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቅ ሲያጠልቅ የሮጠው ይህንኑ ጅማት እያመመው ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ሆካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ይህ ሕመም ለቆየባቸው 15 ሰዎች ለ12 ሳምንታት አንድ ልምምድ አዘዙ። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ከደረጃው በታች ማውረድ ነው፤ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ እንዲሁ፣ ይህም በቀን ሁለቴ። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ሲጀምሩ ግን ግድግዳ ወይም ሰው ይደገፉ።

ለነገ የማይባል

ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ራሱን ባይስትም እንኳ ከተደናገረ፣ ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ወይም "ስንት ለስንት ነን?" እያለ ከደጋገመ ዕለቱን ወደ ሜዳ አይመለስም። "ደህና ነኝ" ቢልም አይመለስም፤ መልሱን የሚሰጠው ያው የተመታው አንጎሉ ነውና። ማስመለስ ከደጋገመው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከጆሮና ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ በፍጥነት ሆስፒታል ይወሰድ። አንገቱን የሚያመው ወይም እጅ እግሩ የደነዘዘበት ሰው ከተኛበት ሳይንቀሳቀስ ባለሙያ ይጠበቅ።

የወለቀ ትከሻ ሜዳ ላይ ተጎትቶ አይመለስም፤ አጥንት ሊሰበር፣ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። እጁ በነጠላ ወይም በሻርፕ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይወሰድ። የተሰበረ የሚመስልም ባገኘነው ቅርጽ፣ ሳናቀናው፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ደግፈን እንወስደዋለን። ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ውስጡ ምንም አይጨመር። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል እስኪታይ ድረስ ምግብ ባይሰጠው ይመረጣል።

የማስታገሻ ነገር

ፋርማሲ ገብቶ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ውጦ ለጨዋታ መግባት የተለመደ ሆኗል። መድኃኒቱ ሕመሙን እንጂ ስንጥቁን አያስወግድም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ውሃ በጠማው ሯጭ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰዳቸው። ለወለምታ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፓራሲታሞል በመጠኑ ይበቃል።

ከመጎዳት በፊት

እኛ ዘንድ ማሟሟቅ ማለት ብዙ ጊዜ ሁለት ኳስ ወደ ጎል መምታት ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአማተር ተጫዋቾች ያዘጋጀው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር ኳስ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ቀስ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ልምምድ፣ በመጨረሻም ፈጣን ሩጫና አቅጣጫ መቀየር አለበት። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው በሲሶ ገደማና ከዚያ በላይ ቀንሷል። ቆሞ ረጅም ጊዜ መሳብ ግን ከጨዋታ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ሯጮች ርቀታቸውን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ከአሥር አንድ እጅ ጥሩ ልክ ነው። ታላላቅ ሯጮቻችን በእንጦጦ ጫካና በሱሉልታ ሜዳ የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለስላሳ መሬት እግራቸውን ያሳርፋል፣ አስፋልትንም በልክ ነው የሚጠቀሙበት። ታኬታ ለሣርና ለአፈር የተሠራ ነው፤ በሲሚንቶ ወይም ጥርሱ በሚተከልበት ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተገቢውን ጫማ ማድረግ ጉልበትን ያድናል። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ጠጠር መልቀምና ጉድጓድ መሙላት ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

እንቅልፍና ምግብም ከልምምዱ አይለዩም። ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙ ወጣት ስፖርተኞች ጉዳት እንደሚበዛባቸው ታይቷል። በጾም ወቅት የሚሠራ ሰው ከባዱን ልምምድ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ያስጠጋ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ ጡንቻ የሚጠገንበትን ፕሮቲን ይሰጣሉና ከሳህኑ አይታጡ።

መመለስ

ቀነኒሳ በቀለ በባት ጉዳት ምክንያት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ራቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ 10,000 ሜትሩን መጨረስ እንኳ አልቻለም። ከሳምንታት በኋላ ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረ ሯጭ እንዲህ ከታገሠ እኛ የእሁድ ተጫዋቾች የምንቸኩለው ለምንድን ነው?

መዳናችንን የሚነግረን የቀን መቁጠሪያ አይደለም። እብጠቱ ይጥፋ። የተጎዳው እግር እንደ ጤነኛው ይታጠፍ፣ ይዘርጋ። በአንድ እግር ቆመው ዓይን ጨፍነው ሳይንገዳገዱ ጥቂት ይቆዩ። በዚያው እግር ደጋግመው ይዝለሉ። ከዚያ ቀጥታ ይሩጡ፣ ቀጥሎ ጥምዝምዝ እያሉ ይሩጡ፣ ቀጥሎ በኳስ ይለማመዱ፣ መጨረሻ ላይ ጨዋታ። አንዱ ደረጃ ላይ ካመመ ወይም በማግስቱ ካበጠ አንድ ደረጃ መመለስ ነው። አንዴ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ሚዛን የሚጠብቅበት ስሜት ስለሚደክም፣ ሳይለማመዱ የተመለሱበት እንደሆነ በቀላሉ ይደግማል። የእኔ የደገመው ለዚህ ነው። አሁን ጥርሴን ስቦርሽ በቀኝ እግሬ ብቻ እቆማለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል።

በቅርቡ በዚያው ሜዳ ላይ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንደ እኔው እግሩ ታጠፈ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ከበቡት፤ "ርገጥበት" የሚለው ድምፅም ተሰማ። አንዱ ጓደኛችን ግን ሮጦ ከሱቅ በረዶ የሠራ ሃይላንድ አመጣ፤ ሌላው ነጠላውን አወለቀ። አጥንቶቹን በቀስታ ስነካካ አላመመውም፤ ተደግፎ ተነስቶ አራት እርምጃም ተራመደ። ለእናቱ ደውለን ልጁ እስከ ሦስት ቀን እንዳይታሽ፣ ሙቅ ውሃም እንዳይነካው፣ ካልተሻለው ግን ሐኪም እንዲያየው ነገርናቸው። ልጁ ቅር እያለው "የሚመጣው እሁድ እጫወታለሁ አይደል ጋሼ?" አለኝ። "አትጫወትም" አልኩት፤ "ግን ፊደል ትጽፋለህ" ብዬም አውራ ጣቱን አሳየሁት።